ሁለቱንም ምስል ላነሳችሁልኝ፣ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ

ይህችን ደብዳቤ በቀኝ ዓይኔ እያነበብኩ ነው የምጽፋት። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።

ዩቪያይተስ የሚባለው የዓይን ውስጥ ብግነት ሲይዘኝ መቅላቱና ሕመሙ በጠብታ ቶሎ ጋብ አለ። ያስጨነቀኝ ተከትሎ የመጣው ነው። ቀጥ ያለ መስመር ይጎብጥብኝ፣ የሰው ፊት መሃሉ ይደበዝዝብኝ ጀመር። ለካ ማኩላዬ፣ ከዓይን ጀርባ ያለው ነገርን አጥርቶ የሚያሳየው መሃለኛ ክፍል፣ ውሃ ቋጥሮ አብጦ ኖሯል።

ኦሲቲ የሚባለውን የዓይን ምስል ያነሳሽኝ እህቴ፣ ዓይኔ አልረጋ ሲል ሳትሰለቺ ደጋግመሽ ስላነሳሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መርፌ የለው፣ ሕመም የለው፤ በብርሃን ብቻ የሬቲናን፣ የዓይንን ጀርባ ከውስጥ የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን፣ ንብርብር ሰንጥቆ ያሳያል፣ ውፍረቱንም በማይክሮን፣ በሚሊሜትር አንድ ሺህኛ፣ ይለካል። ጤናማ ማኩላ መሃሉ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ300 በታች ነው፤ የእኔ 480 ነበር። ከሳምንታት ሕክምና በኋላ 310 ሲገባ ዳንኩ ብዬ መድኃኒቱን ላቆም ተነሳሁ።

ዶክተር፣ ያን ቀን ስላልተስማሙልኝ ዕድሜ ይስጥልኝ! «እብጠቱ መቀነሱን አይተናል፤ የደም ሥሮቹ ማፍሰሳቸውን ማቆማቸውን ግን ገና አላየንም» ብለው ቀለም በደም ሥር ተወግቶ የዓይን ደም ሥሮች ፎቶ የሚነሱበትን የቀለም ምርመራ፣ ፍሎረሲን አንጂዮግራፊውን አዘዙ። እውነትም ቀለሙ በማኩላው ዙሪያ እንደ አበባ ቅጠል ተጠራቅሞ፣ ጠርዝ ላይ ያሉት የደም ሥሮችም ሲያፈሱ ታየ። ኦሲቲ ይህን ፍሳሽ አያሳይም፤ የቀለሙ ምስል ደግሞ ውፍረትን አይለካም። በአንዳንድ ሰው ግልባጩ እንደሚሆን፣ ውሃው በኦሲቲ እየታየ ቀለሙ ሳያፈስ እንደሚቀር ያስረዱኝም እርስዎ ነዎት። ወረፋ እየጠበቀዎት ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርገው ስላሳዩኝ ነው መድኃኒቱን ሳላጉረመርም የቀጠልኩት።

ሲስተር፣ አለርጂ እንዳለብኝ አስቀድመሽ ጠይቀሽ፣ የድንገተኛ መድኃኒቱን አጠገብሽ አድርገሽ ነው ቀለሙን በክንዴ የወጋሽኝ። ሲያቅለሸልሸኝ እጄን ይዘሽኝ ነበር። ቆዳዬና ሽንቴ ለአንድ ቀን ያህል ቢጫ እንደሚሆን ባትነግሪኝ ኖሮ ያን ሌሊት በድንጋጤ አልተኛም ነበር።

ወንድሜ፣ ብሌኔ በጠብታ ሰፍቶ ብርሃኑ አላስኬድ ሲለኝ በእያንዳንዱ ቀጠሮ እየመራህ ወደ ቤት መልሰኸኛል። ውለታህን በምን እከፍላለሁ?

ባለፈው ቀጠሮ ውፍረቱ 268 ሆኗል፤ በድጋሚ የተነሳው የቀለም ምስልም ፍሳሽ አላሳየም። ከሦስት ወር በኋላ ለኦሲቲ እመለሳለሁ፤ ያኔ ፊታችሁን በሁለቱም ዓይኖቼ እያየሁ አመሰግናችኋለሁ።