የጥርስ ፈንዳችን ባዶ ሆኗል፤ የጨረር ቀጠሮው ግን ደርሷል

ውድ የማኅበራችን አባላትና ወዳጆች፣

ባለፈው ጥሪያችን ካሰብነው ግማሹ እንኳ አልገባም። «ደግሞ መጡ» እንዳትሉን ፈርተን ዝም ብለን ነበር። አሁን ግን ለካንሰር ታካሚዎች የጥርስ ሕክምና የምንከፍልበት ሒሳብ ባዶ ነው። የጨረር ቀጠሮ የተያዘላቸው ሰዎች ደግሞ እጃችንን እያዩ ነው።

አፍና አንገቱ አካባቢ ጨረር የሚወስድ ሰው፣ የማይድን ጥርስ ካለው አስቀድሞ መነቀል አለበት። ቁስሉ እስኪድን 2 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ከጨረሩ በኋላ ቢነቀል ግን አጥንቱ በቂ ደም ስለማያገኝ ቁስሉ ላይድን፣ የመንጋጋው አጥንትም ሊሞት ይችላል። ይህ ከዓመታት በኋላም ይመጣል። ኬሞ (ካንሰርን የሚዋጋ መድኃኒት) የሚወስዱትም በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሕዋሳቸው ሲወርድ፣ ከጥርስ ሥር የተነሳ ኢንፌክሽን ወደ ደማቸው ሊገባ ይችላል።

የጤና መድኑ ታዲያ ጨረሩን ይከፍልና «ጥርስ በውላችን የለም» ይላል። አንዲት እናታችን ይህን የሚል የመድኑን ደብዳቤ አራት ቦታ አጣጥፈው ይዘውልን መጡ። ከጨረሩ በኋላ ምራቃቸው ደርቋል። በየዓረፍተ ነገሩ ውሃ እየተጎነጩ ነበር ያነበቡልን። ጥርሶቻቸው ከድዳቸው ጫፍ ላይ ጠቁረው እየተሸረፉ ነው። በጊዜው የደረሰላቸው አልነበረም።

ይህ የመድን አሠራር ሊለወጥ የማይችል ነገር አይደለም። ሜዲኬር የሚባለው፣ በዋናነት አረጋውያንን የሚሸፍነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ከኬሞ ጋር በቀጥታ ለተያያዘ የጥርስ ሕክምና ይከፍላል። እኛም መድን ሰጪዎችን መወትወታችንን አላቆምንም። በሽታው ግን እስኪስማሙ አይጠብቅም።

«የበፊቱ ገንዘብ የት ገባ?» ለምትሉ፦ ለጥርስ ነቀላ፣ ለፍሎራይድ ሕክምናና ለአፍ ድርቀት ማስታገሻ ወጥቷል። መድኑ አልከፍልም ሲል ለምናቀርበው ይግባኝ የሐኪም ማስረጃ ለማሰባሰብ ያወጣነውን አንዳንዶቻችሁ ብክነት ብላችሁታል። ይህ አሳዝኖናል። በይግባኝ መድኑ የከፈለላቸው ታካሚዎች አሉ፤ ለእነሱ የያዝነው ገንዘብ ለሌሎች ተርፏል። ከኮሚቴው አበል የወሰደ አንድም ሰው የለም። ደረሰኞቹ ፋይል ውስጥ ናቸው፤ መጥታችሁ እዩ።

ለታመመ መድረስ በእምነታችንም በሰውነታችንም ግዴታችን ነው። ትንሽ ነው ብላችሁ አትፈሩ።

ገንዘቡን በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ብቻ አስገቡ። ምክንያት በሚለው ቦታ «ጥርስ» ብላችሁ ጻፉ። ባለፈው ይህ ባለመጻፉ ገንዘቡ ከሌላ ወጪ ጋር ተደባልቆ ተቸግረናል። በግለሰብ ስም እንዳትልኩ፣ የኮሚቴ አባል ነኝ ቢላችሁም እንኳ። በድጋሚ፦ በማኅበሩ ሒሳብ፣ ምክንያት «ጥርስ»። ደረሰኙን ለገንዘብ ያዣችን አሳዩ።

እባካችሁ እስከ ዓርብ። የመጀመሪያው ታካሚ ጥርስ የሚነቀለው ሰኞ ጠዋት ነው።

ኮሚቴው