ተሳቢ ይዘን ወደ ስሜን ስንወጣ

ውድ አባላት፣

ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ደባርቅ ሌላ 100 ገደማ። እስከዚያ ችግር የለም። የመኝታ ተሳቢዎቻችንን ግን እባካችሁ ደባርቅ እናቁማቸው። በስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ወዳለው የሳንቃበር ካምፕ የሚወጣው መንገድ ጠባብ ነው፤ መዞሪያ ከጠፋ መከራ ነው። ከደባርቅ ወዲያ ያለውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለትማ ተሳቢ እየጎተቱ መውረድ አይታሰብም!

ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየረገጣችሁ አትውረዱ፤ በከባድ ማርሽ ያዙት። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ፍሬኑ ግሏል ማለት ነው። ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ውሃ አታፍሱበት፣ ራሱ ይቀዝቅዝ። ተሳቢውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘውን ሰንሰለት ከመንጠቆው ሥር አመሳቅላችሁ እሰሩ፤ መንጠቆው ቢያመልጥ ተሳቢውን የሚይዘው እሱ ነው።

ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ጋቢ ያዙ። ጭላዳዎቹ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቁ ማየት ብርዱን ያስረሳል።

ሰንሰለት የሌላችሁ ቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ትርፍ አለኝ።