ለፕሮፌሰር፣ ከፕሬስተን፣ እንግሊዝ

ፕሮፌሰርዬ፣

እንዴት ከርመሻል? «ጠፋሽ» እንዳትዪኝ፣ መጥፋቴን አውቀዋለሁ። እቴቴ ያረፉ ጊዜ መደወል ሲገባኝ ዛሬ ነገ ስል ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ከዚያማ በምን አፌ ልደውል? ይቅር በይኝ። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ የሽንኩርት ልጣጭ ነው። አትሳቂ።

በ2017 ዓ.ም. የእኛም የእነሱም ፋሲካ ሚያዝያ 12 ላይ ገጠመ አይደል? ቅዳሜ ጠዋት የዶሮ ወጡን ሽንኩርት ስከትፍ ጎረቤቴ አሮጊቷ አንኳኩ። እንባዬን አይተው ክው አሉ። ሽንኩርት መሆኑን ሲያውቁ ሳቁና «ልጣጩን እንዳትጥዪው» ብለው ለመኑኝ። ዕንቁላሉን በልጣጩ ይሸፍኑታል፣ በጨርቅ ጥብቅ አድርገው ያስሩታል፣ ከዚያ ይቀቅሉታል። ሲፈታ ቅርፊቱ ወርቃማና ቡናማ፣ ዥጉርጉር ሆኖ ይወጣል። ስሙ «ፔስ ኤግ» ነው አሉኝ።

«ፔስ» እርምጃ መስሎኝ ነበር። ማታ መዝገበ ቃላት ብገልጥ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ፓስካ»! የእኛው ፋሲካ! በዓሉን የሚጠሩበት «ኢስተር» ግን ሌላ ነው። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ቤዳ የሚባል እንግሊዛዊ መነኩሴ እንደጻፈው፣ ኤዎስትሬ በምትባል ጣዖት የተሰየመ የወር ስም ነበር። በዓሉ የጣዖቷን ስም ይዞ ቀርቶ ፋሲካ ዕንቁላል ውስጥ ተደብቆ ኖሯል። እቴቴ 12ቱን ዕንቁላል ቆጥረው ድስት ውስጥ ሲጨምሩ ይህን ብነግራቸው ምን ይሉ ነበር?

ሰኞ፣ በእኛ ማዕዶት፣ አሮጊቷ ከነልጅ ልጆቻቸው አቨናም ፓርክ ይዘውኝ ሄዱ። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1867 ጀምሮ ልጆች ዕንቁላላቸውን ከዳገቱ ቁልቁል ያንከባልላሉ። አሁን አሁን ቸኮሌቱ በዝቷል። የእኛ ዕንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፤ የእነሱ እግር እስኪያወጣም አይጠብቅም።

ትልቋ ልጅ ትንሹን «ከዛፉ ዝለል! ዝለል!» ትለዋለች። አሮጊቷ «ዶንት ኤግ ሂም ኦን!» ብለው ጮሁባት። እኔ ሞኟ የወደቀ ዕንቁላል ካለ ብዬ መሬት መሬቱን አያለሁ። ለካ «አታሟሙቂው» ማለታቸው ነው። ይሄኛው «ኤግ» ዕንቁላልን አያውቀውም። ከቫይኪንጎች ቋንቋ የመጣ ነው፤ ዘመዱ «ኤጅ» ነው፣ የቢላ ስለት። እኛ ነገር እንደ እሳት እንቆሰቁሳለን፣ እነሱ በስለት ይወጉታል።

«ጉድ ፍራይደይ»ስ ትዝ ይልሻል? ጌታ የተሰቀለበት ቀን ምኑ ነው ጥሩ ብለሽ ስትጠይቂ አስተማሪያችን «ዝም ብለሽ አጥኚ» ያለሽ? እንኳን ጠየቅሽ። «ጉድ» በድሮ እንግሊዝኛ ቅዱስም ማለት ነበር። ቅዱስ ዓርብ ነው፣ በቃ። በ30 ዓመቱ መልስሽ ይኸው።

ጸሎተ ሐሙስን «ሞንዲ» ይሉታል። የላቲን «ማንዳቱም» ነው፣ ትእዛዝ። ጌታ እግር ካጠበ በኋላ «እርስ በርሳችሁ ተዋደዱ» ያለው ትእዛዝ ማለት ነው። ድሮ ነገሥታቱም የድሆች እግር ያጥቡ ነበር። አሁን ንጉሡ የሚሰጡት በከረጢት የብር ሳንቲም ነው፣ በዕድሜያቸው ልክ። በ2017 ዓ.ም. 76 ስለነበሩ ለ76 ወንድና ለ76 ሴት አደሉ። ለእኔ የእኛ ቄሶች የወይራና የወይን ቅጠል ይዘው የምእመኑን እግር ሲያጥቡ ማየት ይበልጥብኛል። ጉልባኑም አለ፣ እሱን እዚህ ማን ይሰጠኛል!

ያ ፈሊጣዊ አነጋገር የምንገለብጥበት ሰማያዊ ደብተር አሁንም አንቺ ጋ ነው? «ጉድ ፍራይደይ» ጎን በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አድርገሽ ነበር። ካገኘሽው ገጹን ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። እሑድ እደውላለሁ። አንሺው እሺ?

ያቺው ጠፊ ጓደኛሽ