ጎፈሬ ስላበቀለችው ላም

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነን። እናትሽ ከጉልበቷ በቀር ሁሉ ነገሯ ጤና ነው፤ ጉልበቷም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አያማትም፣ ገበያ ሂጂልኝ ስላት ነው የሚያማት።

ትናንት ማታ በስልክ «አባዬ፣ ያንን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ የገዛሁት የዚያ ጠጉራም የአሜሪካ የዱር በሬ፣ የባይሰን ሥጋ የጫማ ሶል ሆኖ ቀረ» ስትይኝ ስቄብሻለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንደኛ ነገር፣ በደምሽ ውስጥ ብረት አንሷል ተብለሽ ሥጋ እንድትበዪ የታዘዝሽ ልጅ ነሽ። ሁለተኛ፣ ዕድሜውን በቢላ የጨረሰ ሰው ልጅ ስቴክ ስታሳርር ጥፋቱ የማን ነው? ትንሽ ሆነሽ ወጥ ቤት በገባሽ ቁጥር «ቢላ ይዣለሁ፣ ውጪልኝ!» እያልኩ ያባረርኩሽ እኔ ነኝ። ያኔ ያላሳየሁሽን አሁን በጽሑፍ ልክፈልሽ።

ታስታውሺ እንደሆነ አላውቅም፤ አምስት ዓመትሽ ነበር። ከዴንቨር ወደ ተራራው በሚወጣው አውራ ጎዳና፣ ጄኔሲ ፓርክ አጠገብ ስናልፍ ከኋላ ወንበር መስኮቱን እየደበደብሽ «አባዬ! ጎፈሬ ያበቀለች ላም!» ብለሽ ጮህሽ። ከተማው የሚያኖራቸው የባይሰን መንጋ ነበሩ። አውራ ጎዳናው ግጦሻቸውን ለሁለት ስለከፈለው ከሥሩ መተላለፊያ ተሠርቶላቸዋል፤ አንቺ ግን እሱን አላየሽም፣ ዓይንሽ ጎፈሬው ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የዚህ እንስሳ ስም ጎፈሬ ነው። እውነቱን ለመናገር የአንቺ ስም ከብዙዎቻችን ይሻላል። ፈረንጆች ባፋሎ ስለሚሉት የአገራችን ሰዎች «ጎሽ» ብለው ይተረጉሙታል። ጎሽማ በኦሞና በጋምቤላ በኩል ያለው ነው። ባይሰን ከጎሽ ይልቅ ለበሬ የቀረበ ዘመድ ነው።

ቀርቦ ደግሞ እንዴት እንደሚያታልል ልንገርሽ። እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ባይሰን የሚታረድበት ድርጅት ተቀጠርኩ። አዲስ አበባ ሥጋ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ብልት ሳወጣ የኖርኩ ሰው ነኝና ማንም ምንም እንዲያሳየኝ አልፈለግሁም። የመጀመሪያው ቀን አንድ ትልቅ ወይፈን ተሰቅሎ አየሁ፤ ሻኛው ተራራ ያህላል። ምራቄን ዋጥኩ። የእኛን በሬ ሻኛ ታውቂዋለሽ፤ ነጭ ስብ የተሸመነበት፣ ከጀርባው ላይ እንደ ቆብ ተነስቶ የሚመጣ ለስላሳ ሥጋ ነው። እኔም እንደ ለመድኩት ከሥሩ ቢላዬን ሰድጄ ላነሳው ስል፣ ቀጭ! አጥንት። ትንሽ ከፍ አድርጌ ሞከርኩ፤ አሁንም አጥንት። ከጎኔ የነበረው ሜክሲኳዊ ሽማግሌ ሳቁን መያዝ አቃተው። ለካ የባይሰን ሻኛ ከአከርካሪው ሽቅብ የተዘረጉ ረጃጅም አጥንቶች የያዙት ጡንቻ ነው። ያንን ከባድ ጭንቅላት ተሸክሞ የሚያውለው እሱ ነው፤ በብርድ ወራት እንስሳው በረዶውን በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ እየጠረገ ከሥር ሣሩን የሚያገኘው በዚህ ሻኛ ጉልበት ነው። እንዲህ ሲሠራ የኖረ ሥጋ በዝግታ ለረጅም ሰዓት የሚቀቀል እንጂ በጥሬው በሰናፍጭ የሚበላ አይደለም። በዚያ ቀን ቢላዬን አስቀምጬ እንደ አዲስ ተማሪ ቆምኩ።

መማሬ ግን ከቢላው አልዘለለም። ለገና በዓል ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ፓውንድ ስቴክ ሰጡን። እየፎከርኩ ቤት ገባሁና በለመድነው መንገድ ጥብስ አደረግሁት፤ ደቀቅ አድርጌ ቆረጥኩ፣ ምጣዱ ላይ ሞላሁት፣ ውሃውን እስኪመጥ እያማሰልኩ ጠበቅሁ፣ ከዚያ ቅቤና ሽንኩርት። እናትሽ አንዷን ቁራሽ ከግራ ጉንጯ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ስታመላልስ ቆየችና «እናንተ፣ ይህን እንስሳ ከነጫማው ነው እንዴ ያረዳችሁት?» አለችኝ። አንቺም ያደረግሽው ይህንኑ እንደሆነ ሳልጠይቅሽ አውቀዋለሁ። የእኛ ጥብስ ስብ ላለው ሥጋ የተፈጠረ ነው። ስቡ እየቀለጠ ሥጋውን ያጠጣዋል፤ እሳት ቢበዛበት እንኳ ይምርሻል። ባይሰን ግን በጡንቻው መካከል እንደ ሸረሪት ድር የሚሰራጨው ነጭ ስብ የለውም ማለት ይቻላል። ጠቆር ያለ ቀይ መስሎ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የቆየ ሥጋ ነው ብለሽ እንዳትጥይው። ስብ ስለሌለው ቶሎ ይበስላል፤ የበሬው ስቴክ ከሚፈጀው ጊዜ ሲሶውን ያህል ቀንሺለት።

እንግዲህ አሁን ስሚኝ። ስትገዢ ውፍረቱ ሁለት ጣት የሚሆነውን ምረጪ፤ ስስ ከሆነ ውጪው ቀለም ሳይዝ ውስጡ ያልፋል። ለጀማሪ ከጎድኑ በላይ የሚወጣው ሪብ አይ የሚባለው ይሻላል፤ ትንሽም ቢሆን ስብ አለው። ፊሌቶው ለስላሳ ነው፣ ዋጋው ግን ለደመወዝ ቀን ነው። ሰርሎይን የሚሉት ደህና ነው፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጭኑንና ወርቹን ለወጥ ተይው። በረዶ የሆነ ከሆነ ከማታ ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ይፈታ፤ በሙቅ ውሃ አታሯሩጪው። ከመጥበስሽ ግማሽ ሰዓት በፊት አውጥተሽ በወረቀት ፎጣ ፊቱንና ጀርባውን እስኪደርቅ ድረስ አድርቂው። ይህን የምደጋግመው ሰው ሁሉ ስለሚንቀው ነው። እርጥብ ሥጋ አይጠበስም፣ በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል እንጂ።

ጨውና የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ነስንሺበት። አዋዜ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ አሁን አይደለም፤ እሳት ላይ ያርሩና ይመራሉ፤ ሰሃን ላይ ታገኚያቸዋለሽ። ከባዱን የብረት መጥበሻ ደህና አድርገሽ አግይው። ከዚያ የእናትሽን ንጥር ቅቤ አንድ ማንኪያ። ፈረንጆች ጥሬ ቅቤ ጨምረው ሲጠቁርባቸው ይገረማሉ። የእኛ ቅቤ ሲነጠር የሚያርረው አንጓሎ ስለወጣለት እሳት ይችላል። ሥጋውን አስተኝው። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ጠባይሽ የሚፈተነው፤ አትነካኪው። ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ዝም በይው። በራሱ ጊዜ ከብረቱ ይለቃል፤ ገልብጪው፣ እሳቱን መካከለኛ አድርጊ፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ጣል አድርጊበት። በሹካ አትውጊው፤ በመቆንጠጫ ያዢው። ማንኪያ ይዘሽ የቀለጠውን ቅቤ በላዩ እያፈሰስሽ ተፈጥሮ ያልሰጠውን ስብ አንቺ ስጪው።

ሰዓት ብቻ አትመኚ፤ ቴርሞሜትር ግዢ። በሥጋ ቤት ዘመኔ በጣቴ ተጭኜ አውቅ ነበር፤ በዚህ እንስሳ ላይ ግን ጣቴ ሁለት ጊዜ ዋሽቶኛል። የዚህ አገር የግብርና መሥሪያ ቤት ለስቴክ የሚያዝዘው 145 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለት 63 ሴንቲግሬድ ነው፤ ከዚያም ሦስት ደቂቃ ዕረፍት። ቴርሞሜትሩን ከጎኑ እስከ መሐሉ ስደጂና 140 ሲል አንሺው፤ የራሱ ግለት የቀረውን ይወስደዋል። ብዙ የሆቴል አብሳዮች ከዚህም ዝቅ ብለው ያነሱታል። አንቺ ግን ደምሽ ያነሰ፣ ከሕመምተኛ ጋር የምትውዪ ልጅ ስለሆንሽ በእኔ ሂጂ። ከ160 ካለፈ በኋላ ምንም ቅቤ፣ ምንም ጸሎት አይመልሰውም። ሰሃን ላይ አድርገሽ በፎይል ሸፍነሽ ሰባት ስምንት ደቂቃ ተይው። ስትቆርጪ የሥጋውን ክር አይተሽ በአግድም ነው፤ በክሩ አቅጣጫ ከቆረጥሽ ያ ሁሉ ድካም ጥርስሽ ላይ ይቀራል።

ስለ ብረቱ ደግሞ። አንድ መቶ ግራም የበሰለ፣ ስቡ የተነሳ የባይሰን ሥጋ 143 ካሎሪ፣ 28 ግራም ፕሮቲን፣ ሁለት ግራም ተኩል የማይሞላ ስብና 3.4 ሚሊግራም ብረት አለው። በአንቺ ዕድሜ ያለች ሴት በቀን 18 ሚሊግራም ብረት ያስፈልጋታል። ሁለት መቶ ግራሟን ብትጨርሺ ከሲሶ በላይ አገኘሽ ማለት ነው። በዚያ ላይ የሥጋ ብረት ሰውነት በቀላሉ የሚቀበለው ዓይነት ነው። በጤፍና በምስር ውስጥም ብረት አለ፤ ግን በእህሉ ውስጥ ያለ ፋይቴት የሚባል ነገር አስሮ ይይዘዋል፤ ሊጡ ሲቦካ ነው ትንሽ የሚላላው። ስለዚህ ከስቴኩ ጋር የምስር ወጥሽንና እንጀራሽን አትተይ፤ ሥጋው የእነሱንም ብረት እንዲዋሃድሽ ያግዛል። ቲማቲም በሎሚና በቃሪያ አድርገሽ አቅርቢ። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፤ ቡናውን ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቂው። ቡና የእህሉን ብረት ይሻማሻል። ከገበታ ተነስቶ ቡና አለመጠጣት ለእኛ ቤት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ይህን ስልሽ ግን ሥጋው መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም። እሽጉ ላይ የሚጻፈውን ሁሉ አትመኚ። ባይሰን ለማደለቢያ ሆርሞን አይሰጠውም፣ ይህ እውነት ነው፤ ሕጉም አይፈቅድም። ነገር ግን ብዙዎቹ ከመታረዳቸው በፊት ወራት ያህል እህል ይበላሉ፤ ሣር ብቻ የበላውን ከፈለግሽ ለይተሽ ጠይቂ። ስቡ በደንብ የተነሳለት የበሬ ሥጋም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም። እጥፍ ከፍለሽ በየሳምንቱ ልግዛ ካልሽ በእኔ ፈቃድ አይደለም። ሐኪሟ ያዘዘችሽን ክኒንም በስቴክ አትተኪ።

ክትፎስ ያልሽው፣ አይሆንም። አገር ቤት በጥሬው የምንቆርጠው ጠዋት የታረደውን፣ ዓይናችን ያየውን ነበር፤ ያኔም ቢሆን ኮሶ አልቀረልንም። እዚህ በእሽግ የሚሸጠው የተፈጨ ሥጋ ከስንት እንስሳ እንደተደባለቀ አይታወቅም፤ ከሥጋው ላይ የነበረው ጀርም በማሽኑ ወደ ውስጥ ይገባል። የተፈጨ ከሆነ 160 ፋራናይት እስኪደርስ ይብሰል። ለብ ለብ አይበቃውም።

አያትሽም ሰምተው ደውለውልኝ ነበር። «ሰኮናው ስንጥቅ ነው?» አዎ እማዬ። «ያመሰኳል?» ያመሰኳል። «ማን ባርኮ አረደው?» ሲሉኝ መስመሩ ተበላሸ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። በጾም ቀን እንዳትበዪ ብቻ እንዳሳስብሽ ደግመው ደጋግመው ነግረውኛል።

ደቡብ ዳኮታ፣ ራፒድ ሲቲ መግባትሽ ለዚህ ነገር መልካም ነው። ከተማሽ አጠገብ ባለው ከስተር ፓርክ ከሺህ የሚበልጡ ባይሰኖች አሉ። በየዓመቱ በሴፕቴምበር የመጨረሻ ዓርብ ፈረሰኞች መንጋውን ሰብስበው ሲነዱ ሕዝብ ወጥቶ ያያል፤ የእኛ የመስቀል ሰሞን መሆኑ ነው። ሂጂና እይ። በሚሊዮኖች የሚቆጠር እንስሳ ነበር፤ ለቆዳውና የአገሩን ነባር ሕዝብ፣ ላኮታዎችን፣ ለማስራብ ሲባል ተጨፍጭፎ በ1880ዎቹ መጨረሻ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሺህ ብዙም የማይበልጥ ቀርቶ ነበር። በሥራሽ ቦታ ላኮታዎች አሉ ብለሽኛል። ሥጋውን እንደ ቋንጣችን አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በስብና በዱር ፍሬ ለውሰው የሚያዘጋጁት ስንቅ አላቸው፤ ስሙን «ዋስና» ይሉታል። «ዋስ» የሚለውን ከእኛ ቋንቋ የወሰዱት መሰለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ቢያቀምሱሽ እንቢ አትበዪ፣ አሠራሩንም ጠይቂልኝ።

ጭነት መኪና የሚነዳው ጎረቤታችን ማክሰኞ በእናንተ በኩል ያልፋል። በካርቶን የእናትሽን ንጥር ቅቤ፣ አንድ ጠርሙስ አዋዜ፣ የድሮውን የብረት መጥበሻዬን ልኬልሻለሁ። መጥበሻውን በሳሙና አትዘፍዝፊው፤ ይዝጋል። ቅቤው እንደደረሰ ፍሪጅ ይግባ። ከታች ደግሞ ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁትን ቢላ አኑሬዋለሁ። በፎጣ ተጠቅልሏል፤ ስትፈቺው ቀስ በይ።

አባትሽ