ለአንድ ጉንጉን ፀጉር 28,000 ብር?

ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዳማ

ለቧንቧና ፍሳሽ ጥገና ድርጅታችሁ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ የመታጠቢያ ገንዳ ጥገናን በተመለከተ ቅሬታ ስለማቅረብ

የምኖረው እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። የመታጠቢያ ገንዳችን ውሃ አልወርድ ብሎን ደወልንላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ባለሙያ ላካችሁ። ቅሬታዬ በእሱ ጉብኝት ላይ ነው።

ገንዳው ማዝገም ከጀመረ ሁለት ወር ይሆነዋል። እውነቱን ለመናገር እኛም ዘግይተናል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ገንዳውን ብዙውን ጊዜ የምንጠቀምበት እንደ በርሜል ነው። ሞልተን በጆግ እየቀዳን እንጠቀማለን እንጂ መውረጃውን እምብዛም አንከፍተውም። የነቃነው ልጆቹ ታጥበው የሳሙናው ውሃ ለመውረድ አርባ ደቂቃ ሲፈጅበት ነው።

ባለሙያችሁ በር ላይ ቆሞ አየውና «ዋናው መስመር ነው የተዘጋው» አለ። እንዴት አወቅክ ስለው «ሥራዬ ነዋ!» አለኝ። የእጅ መታጠቢያው ደህና ይወርዳል። ሽንት ቤቱም እንደዚያው። መሬት ላይ ያለው መውረጃ አንድ ባልዲ ውሃ ቢደፋበት ወዲያው ይውጠዋል። ዋናው መስመር ቢዘጋ ኖሮ ሁሉም ባስቸገሩን ነበር፤ እንዲያውም ፍሳሹ ዝቅ ባለው በመሬቱ መውረጃ ይገነፍል ነበር። አንዱ ብቻ ሲያዘግም ችግሩ ያለው እዚያው አንዱ ጋ ነው። ይህን ለመለየት ሁለት ባልዲ ውሃ ይበቃል። እሱ ግን አንድም አልደፋም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከቦርሳው ምንም ያልተጻፈበት ሃይላንድ አወጣና ውስጡ ያለውን አሲድ መውረጃው ላይ ገለበጠው። ባለቤቴ ጠዋት ሽታው ይጥፋ ብላ በረኪና ደፍታበት ነበር። «ምን ጨምራችሁበታል?» ብሎ አልጠየቀም። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ መስኮት በሌለው ባኞ ቤት ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል። ሁላችንም እየሳልን ደጅ ወጣን። ትንሿ ልጄ እስከ ማታ ስትስል ዋለች። በርና መስኮቱን ብርግድ አድርገን ስንከፍት የአዳማ ነፋስ ጠራርጎ ወሰደልን። ሌላ ጊዜ አቧራ ይዞብን ሲገባ የምንረግመውን ነፋስ ያን ቀን መረቅነው።

ባለሙያችሁ ሳሉ ሲተወው «ሴራሚኩ ተሰብሮ ቱቦው መቀየር አለበት፣ 28,000 ብር» አለን። ለምርመራ 1,500 ብር ተቀብሎ ሄደ። ደረሰኝ ስንጠይቅ «ሥራው ሲያልቅ» ተባልን። ምርመራው የቱ እንደነበር እስካሁን አልገባኝም።

እናቴ ከመጀመሪያውም «ፀጉር ነው» ብላን ነበር። ሦስት ሴቶች ልጆች ሹሩባ ፈትተው የሚታጠቡበት ቤት ሌላ ምን ይሆናል? አልሰማናትም። እሑድ ብዙ ውሃ ደፍቼ አሲዱን ካጠብኩ በኋላ ጓንት አደረግሁና የመውረጃውን ወንፊት በካቻቢቴ ፈታሁት። ጫፉን ያጠፍኩትን ሽቦ ሰደድኩ። በሳሙናና በአቧራ የተለሰነ፣ ጡጫ የሚያህል የፀጉር ጉንጉን ወጣ። ቀጥሎ በጎማ መምጠጫ ሞከርኩ። መጀመሪያ እምቢ አለኝ። ለካ ገንዳው ሲሞላ ትርፉ ውሃ የሚወጣባት የላይኛዋ ቀዳዳ ካልተደፈነች ግፊቱ ሁሉ በእሷ ያመልጣል! በእርጥብ ጨርቅ ወትፌ አሥር ጊዜ ያህል ስገፋው ሲፎኑ (ከመውረጃው ሥር ያለው ጎባጣ ቱቦ) ውስጥ የቀረው ተነቅሎ ሄደ። ያው ገንዳ አሁን በ4 ደቂቃ ባዶ ይሆናል። ለመምጠጫው 250 ብር አወጣሁ። ሴራሚኩ አልተሰበረም፤ ቱቦውም ጤነኛ ነው። የተበላሸው አሲዱ የበላው የመውረጃው ቀለበት ነው፤ ጠቁሮ ተላልጧል።

ልጁ ወጣት ነው፣ ትሁትም ነው። እንጀራውን እንድታሳጡት አልጽፍም። አሲድ በውሃ ጠርሙስ አስይዛችሁ ሰው ቤት የላካችሁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ 1,500 ብሩ እንዲመለስልኝ፣ ቀለበቱም በእናንተ ወጪ እንዲቀየርልኝ እጠይቃለሁ። ሠራተኞቻችሁ ማንኛውንም መድኃኒት ከመድፋታቸው በፊት ቤተሰቡን እንዲጠይቁ መመሪያ ስጧቸው፤ የሰጣችሁትንም በጽሑፍ አሳውቁኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። እኔ ያገኘሁት ግምት ነው። እስከ ጥቅምት 30 መልስ ካላገኘሁ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ይዤ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።

ሃይላንዱን ረስቶት ሄዷል። ግማሽ ያህል ይቀረዋል፤ ሲያዩት ውሃ ነው የሚመስለው። ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ቆልፌበታለሁና መጥታችሁ ውሰዱልኝ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ