ኤፍ 40 ወይስ 959?

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ባለፈው «አባዬ፣ የሁለቱን ፈጣን የስፖርት መኪኖች፣ የፌራሪ ኤፍ 40 እና የፖርሽ 959 ቁልፍ አንድ ላይ ቢያቀርቡልህ የቱን ታነሳለህ?» ብለሽኝ ሳልመልስልሽ ስልኩ ተቋረጠ። ደግሞ 959ኙን «ያበጠ እንቁራሪት» አልሽው። ይሄን ሰምቼማ ዝም አልልም።

መጀመሪያ ያንቺን ላሞግስልሽ። ኤፍ 40 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 የፌራሪን 40ኛ ዓመት ለማክበር ነው። የኩባንያው መሥራች ኤንዞ ፌራሪ በዓመቱ አረፉ፤ በሕይወት ሳሉ «ይሁን» ብለው ያሳለፉት የመጨረሻው መኪናም እሱ ነው። እኔን የሚያስቀኝ ግን በሩ ነው። ከውስጥ የሚከፈተው በእጀታ ሳይሆን ገመድ ተስቦ ነው! ምንጣፍ የለ፣ ቴፕ የለ፣ መሪውን የሚያቀልልሽ ነገር የለ፣ ፍሬኑም ኤቢኤስ፣ ማለትም ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ነገር፣ የለውም። ቀለሙ እንኳ ክብደት እንዳይጨምር ሳስቶ ስለተቀባ ጠጋ ብለሽ ስታዪው ከሥሩ አካሉ የተሠራበት ቀላልና ጠንካራ ነገር፣ የካርቦን ፋይበሩ ሽመና ይታይሻል። ያን ሁሉ ብር አፍስሰሽ ገና ያላለቀ መኪና የሰጡሽ ነው የሚመስለው። ከዚያ 2.9 ሊትሩ ባለሁለት ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚነፋ) ሞተር አለልሽ፣ 478 የፈረስ ጉልበት። ነዳጅ ስትረግጪ ለአፍታ ዝም ይልሻል፤ «ምነው፣ ተኛ እንዴ?» ልትዪ ስትዪ ቱርቦው ይነሳና ከወንበሩ ጋር ያጣብቅሻል።

እንቁራሪቱስ? እ.ኤ.አ. በ1986 የፓሪስ-ዳካርን የበረሃ የመኪና ውድድር አንደኛም ሁለተኛም የወጣው 959 ነው፣ ያን ሁሉ አሸዋ አቋርጦ። ኃይሉን ለአራቱም ጎማ ነው የሚያድለው፤ የፊቱ ስንት፣ የኋላው ስንት ይውሰድ የሚለውን ኮምፒውተር ይወስናል። ቱርቦዎቹም አንዱ ቀድሞ ይሠራና ሌላው ሞተሩ ሲፈጥን ይጨመርለታል፣ ስለዚህ እንደዚያኛው አያስጠብቅሽም። ቸርኬው ማግኒዥየም ነው፤ የጎማው አየር ሲቀንስም መኪናው ራሱ ይነግርሻል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እኮ ነው የምልሽ! ማርሹ ስድስት ሲሆን የመጀመሪያው ላይ ቁጥር የለም፤ በጀርመንኛ ለአስቸጋሪ መሬት የሚል ቃል መነሻ ፊደል ነው ያለው። በሰዓት 317 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና የጭቃ ማርሽ አለው፣ አስቢው።

ያንቺው 324 ይገባል። በሰባት ኪሎ ሜትር ነው እንግዲህ የምትጨቃጨቂኝ።

ስለ ገበያውም ጠይቀሽኝ ነበር። ኤፍ 40 የተሠራው 1,311 ነው፣ ለደንበኛ የተሸጠው 959 ግን 300 ገደማ ብቻ። ሆኖም ብዙ ጊዜ በጨረታ ውድ የሚወጣው ኤፍ 40 ነው፤ ልጅ ሆነው ፎቶውን ግድግዳ ላይ የለጠፉ ሰዎች አድገው ብር ያዙ። አሜሪካኖቹ ደግሞ 959ኙን በጊዜው መንገዳቸው ላይ አላዩትም። ቢል ጌትስ ያስመጣው እንኳ የአገሪቱን የደህንነት ፈተና አላለፈም ተብሎ ጉምሩክ ከአስር ዓመት በላይ ያዘበት።

አንድ ነገር ግን እወቂ። የኤፍ 40 ነዳጅ የሚቀመጠው በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነው። ነዳሽው አልነዳሽው ላስቲኩ ያረጃል፣ አሥር ዓመት ገደማ ሲሞላው ይቀየራል፣ እሱም ሒሳቡ ቀላል አይደለም። ጋራዥ ቆልፈሽበት ዋጋው ይጨምርልኛል ብትዪ አይሆንም። 959ኙም ቢሆን ያ ሁሉ ኤሌክትሮኒክስ ሲያስቸግር የሚነካካው ባለሙያ ጥቂት ነው፤ ይሄን አልደብቅሽም።

እኔ 959ኙን አነሳለሁ። አንቺ ኤፍ 40ውን ያዢ፣ ገመዱንም ሳቢ። ዝናብ ሲጀምር ግን ደውይልኝ፣ መጥቼ እወስድሻለሁ።

አባትሽ