«ለሰፈሩ የሚስማማ ቤተሰብ»፦ ለማዘጋጃ ቤታችን የቤቶች ጉዳይ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

ቤት ልንገዛ ስንጫረት ደረሰብን ስላልኩት አድልዎ ላቀረብኩት አቤቱታ ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰኝ የመጨረሻው ደብዳቤ «በግለሰቦች መካከል በሚደረግ የቤት ሽያጭ ማዘጋጃ ቤቱ ሚና የለውም» ይላል። ከግርጌው ቤት ፍለጋችን እንዲሳካ መልካም ዕድል ተመኝታችሁልናል። እግዜር ይስጥልን።

ከዚህ በፊት የላክኋቸው ደብዳቤዎች በሆላንድኛ የተጻፉ፣ በትሕትና የተሞሉ፣ አባሪያቸው የተሟላ ነበሩ። የአስተዳደር ሕጉ ለነዋሪ አቤቱታ በ6 ሳምንት ውስጥ መልስ ይሰጥ እንደሚል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። የእኔ አቤቱታ በጋውን ጨርሶ ክረምቱን ተሻገረ፤ ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ሆነብኝ። ስለዚህ ይኸኛውን በአደባባይ፣ ያውም በአማርኛ እጽፈዋለሁ፤ በዚህ በሆላንድ አገር ጎጆ ለመቀለስ ሳንቲም የሚያጠራቅሙ ወገኖቼ እንዲያነቡት። ማዘጋጃ ቤቱ አስተርጓሚ አያጣም።

የቤቱን ጉዳይ በመዝገብ ይዛችሁታል፤ ሌላው አንባቢ ግን አያውቀውምና ከመነሻው ልናገር። ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በወጣው የመንግሥት ዕቅድ ከሌይድሰ ሬይንና ከኢፐንቡርኽ ጋር በአንድ ዘመን ከተሠሩት የከተማ ዳር ሰፈሮች አንዱ ነው። ቤቱ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ከተደረደሩት መካከል የሚገኝ ነው፤ ከታች ሳሎን፣ ከላይ ሦስት መኝታ ቤት፣ ከጣሪያው ሥር አንዲት ክፍል፣ ከጓሮ ብስክሌት ማስቀመጫና እጅ የምታህል አትክልት ቦታ አለው። ልጆቼ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከዚያ በእግር ይደረሳል። አሁን የምንኖረው በኪራይ ቤት፣ በዚያው ማዘጋጃ ቤት ሥር፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ ነው።

ቤቱን እንድናይ ሩብ ሰዓት ተሰጠን። በሩ ላይ ሰማያዊ የፕላስቲክ ጫማ መሸፈኛ አጠለቅን፤ እኛ ስንወጣ ተረኞቹ እያጠለቁ ነበር። የሻጮቹ ወኪል ዋጋችንን እስከ ሰኞ ቀትር በዝግ እንድናስገባ ነገረንና አንድ ነገር ጨመረ፦ ስለራሳችን የሚገልጽ ደብዳቤ ከፎቶግራፍ ጋር ብናያይዝ ሻጮቹ ደስ ይላቸዋል። እኛም አያያዝን። የመረጥነው ፎቶግራፍ ልጃችን የውሃ ዋና ዲፕሎማዋን የተቀበለች ዕለት፣ ጸጉሯ ገና እንደራሰ፣ አራታችንም ገንዳው ዳር የተነሳነውን ነው። ከዚህ የበለጠ የዚህ አገር ሰው መሆን በምን እንደሚቻል የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

የተጠየቀው ዋጋ 475 ሺህ ዩሮ ነበር። እኛ 522 ሺህ አቀረብን። ባንክ ከቤቱ ግምት በላይ እንደማያበድር ያውቃሉ፤ ከግምቱ በላይ ያለው፣ 2 በመቶው የስም ማዛወሪያ ግብርና የውል አጽዳቂው ኖታሪ ወጪ ሁሉ ከራሳችን ኪስ የሚወጣ ነው። «ብድር ካልተፈቀደልን ውሉ ይፍረስ» የሚለውን መተማመኛም ትተነዋል። ይህ ማለት አንድ ነገር ቢሰናከል 10 በመቶ ቅጣት መክፈል ማለት ነው። ባለቤቴ ይህን ሲፈርም እጁ ላብ አውጥቶ ነበር።

ከኪሳችን የሚወጣው ገንዘብ ከፊሉ የደረሰን እቁብ ነው። ወኪሉ ምንጩን ጠየቀን። ሕገ ወጥ ገንዘብን ለመከላከል የወጣው ሕግ እንዲጠይቅ ያስገድደዋልና በዚህ ቅር አላለኝም። የእቁቡ ጸሐፊ በእጁ የሚሞላውን ደብተር ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተን፣ ስሞቹን ሸፍነን፣ እያንዳንዱን ዙር በሆላንድኛ አስረድተን ላክን። ሌሎቹም ተጫራቾች ገና ዋጋቸው ሳይታይ እንዲህ ተጠይቀው እንደሆነ ጠየቅሁ። እስካሁን መልስ አላገኘሁም።

ከዚያ ወኪሉ ስልክ ደወለ። ሻጮቹ «ለሰፈሩ የሚስማማ ቤተሰብ» መርጠዋል አለን። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቀው «የስሜት ጉዳይ ነው እመቤት፤ ደስ ያላቸውን መረጡ» አለ። ድምፁ ደግ ነበር፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የወኪሎቹ ማኅበራት አባሎቻቸውን የጨረታ መዝገብ እንዲይዙና ሽያጩ ካለቀ በኋላ ለተጫራቾች እንዲያሳዩ ያስገድዳሉ። የእኛም መዝገብ መጣ። ስም የለበትም፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ዋጋና ቅድመ ሁኔታ ብቻ። ከሁሉ ላይ ያለው 522 ሺህ የእኛ ነው። «ተሸጠ» የሚል ምልክት የተደረገበት ከእኛ ቀጥሎ ያለው መስመር ነው፦ 514 ሺህ። እነሱም እንደ እኛ ቅድመ ሁኔታ የላቸውም፤ የርክክቡም ቀን ከእኛ ጋር አንድ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ሰው 8 ሺህ ዩሮ ከፍሎ የሚሸሸው ምንድን ነው? ያውም እኮ ሻጮቹ ሰፈሩን ለቀው የሚሄዱ ናቸው! ጎረቤት የምንሆነው ለእነሱ አልነበረም።

እኔ የምሠራው አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነው። የምዞርበት መንገድ የሚያልፈው በዚሁ ሰፈር ነው። በየበራቸው ጎን ከግንቡ ላይ በብሎን የታሰረች ትንሽ የቁልፍ ሳጥን አለች፤ ቁጥሯን አዙሬ ቁልፉን አወጣለሁ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ማንም ሳይከፍትልኝ እገባለሁ። ገላቸውን አጥባለሁ፣ የደም ዝውውር ካልሲያቸውን አጠልቃለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። አንዳቸውም ለሰፈሩ እስማማ እንደሆነ ጠይቀውኝ አያውቁም። የሚስማማ ሰው መሆኔ ያጠራጠረው ቁልፉን በገንዘቤ ልገዛው ስል ነው።

አቤቱታችን የዞረበትን መንገድ በአጭሩ ላስታውስዎ። ወኪሉ «ምርጫው የሻጮቹ ነው» አለ። ቅሬታ ሰሚው አካል መዝገቡ በደንቡ መሠረት ስለተሰጠን የተጣሰ ነገር አላየሁም አለ። ነዋሪ አድልዎ ደረሰብኝ ሲል የሚያመለክትበት፣ ማዘጋጃ ቤቱ በሕግ ግዴታ የሚያቆመው ቢሮ ደግሞ ጉዳያችንን «መዘገበው»። መዘገበው፤ በቃ። በዓመቱ መጨረሻ በሚወጣው ሪፖርት ውስጥ አንድ ቁጥር እንሆናለን ማለት ነው። እናንተ ጋ ስንደርስ ሚና የላችሁም።

ከፍተኛ ዋጋ ላቀረበ ይሸጥ የሚል ሕግ እንደሌለ አውቃለሁ። ሻጭ ደስ ላለው ይሸጣል። ግን እ.ኤ.አ. የ1994ቱ የእኩል አያያዝ ሕግ በሙያው የሚሸጠውን ብቻ ሳይሆን ንብረቱን በይፋ ለሕዝብ ያቀረበውን ግለሰብም እንደሚይዝ እርስዎም ያውቃሉ። ይህ ቤት አገሩ ሁሉ በሚያየው ድረ ገጽ ላይ ወጥቶ የተሸጠ ነው። አድልዎ ያስጠረጥራል የሚያሰኝ ነገር ከቀረበ ደግሞ አለማድረጉን የማስረዳት ሸክም በተከሳሹ ላይ ይወድቃል። የጨረታ መዝገቡ፣ ደብዳቤው፣ ፎቶግራፉ፣ የስልኩ ንግግር ካላስጠረጠሩ ምን ያስጠርጥር? አድልዎን የሚከለክለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 1 መጥቀስ አያስፈልገኝም፤ እናንተም ዘንድ አይጠፋም።

አሁን ወደዚያች «ሚና የለንም» ወደምትለው ቃላችሁ ልመለስ።

ይኸው የግለሰብ ቤት ስንት ያወጣል ብሎ በየዓመቱ የሚገምተው ማን ነው? እናንተ። በግምቱ ላይ ተመሥርቶ የንብረት ግብር የሚልከው ማን ነው? እናንተ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በተፈቀደላችሁ ሥልጣን በዚያው ሰፈር ቤት የገዛ ሰው 4 ዓመት እንዳያከራይ የሚከለክል ደንብ ያወጣችሁት ራሳችሁ አይደላችሁም? ባለሀብቶች የቤተሰብ ቤት እንዳይቀራመቱ ስትሉ በግለሰቦች ሽያጭ መሐል ገብታችኋል፤ ደግ አደረጋችሁ። እጃችሁ የሚያጥረው እኛ ዘንድ ሲደርስ ነው።

ንጽጽሩን ደግሞ ልብ ይበሉት። ቤት ልከራይ ብሄድ ኖሮ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2023 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ይጠብቀኝ ነበር። አከራዩ የሚመርጥበትን መስፈርት አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ላልመረጠው አመልካችም ለምን ሌላውን እንደመረጠ ያስረዳል፤ ይህን ካላደረገ የሚቀጣው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። በወር ለምከፍለው ኪራይ ምክንያት ይነገረኛል። የሠላሳ ዓመት ዕዳ ተሸክሜ ለምገዛው ቤት ግን «የስሜት ጉዳይ» ይበቃኛል። ይህ ክፍተት የሕግ አውጪው እንጂ የእርስዎ እንዳልሆነ ሊነግሩኝ ነው። ይሁን። ክፍተቱ እንዲዘጋ ሕግ አውጪው ወዳለበት ወደ ዘ ሔግ ጽፋችኋል ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ለዚህም መልስ የለም።

የእናንተ የራሳችሁ የሆነውን ግን ለማንም ልታሳብቡ አትችሉም። ከሰፈሩ ጫፍ፣ ከቦዩ ማዶ ያለው ሜዳ የማዘጋጃ ቤቱ መሬት ነው። ለቤተሰብ የሚሆኑ ቤቶች እንደሚሠሩበት የሚገልጸው ሰሌዳ ተተክሏል፤ ሥዕሉ ላይ ብስክሌት የምትነዳ ጥቁር ልጅ አለች። መሬቱን ለአልሚ ስትሸጡ ውሉን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ፤ የፀሐይ ኃይል ማመንጫውን፣ የመኪና ማቆሚያውን ቁጥር፣ የአጥሩን ቁመት ሳይቀር ትወስናላችሁ። ማን ይግዛ የሚለውን ግን ለአልሚው ወኪል ትተዋላችሁ። ለፕሮጀክቱ የተዘጋጀውን ቅጽ ወስጄ አየሁት። ከገቢ መጠየቂያው በታች «ስለ ቤተሰብዎ ጥቂት ይንገሩን» የሚል ባዶ ቦታ አለው።

ያንን ባዶ ቦታ እንዲያነሱት እጠይቃለሁ። ብድር የሚፈቀድለት ሁሉ ስሙ በቁጥር ተተክቶ በኖታሪ ፊት ዕጣ ይውጣ። ዕጣው ለእኛ ባይወጣ ቅር አይለንም፤ የእቁብ ልጆች ነን፣ ዕጣ ማክበር እናውቃለን።

በሚቀጥለው የምክር ቤቱ የመሬትና የቤቶች ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ለመናገር ተመዝግቤያለሁ። ለአንድ ነዋሪ የሚፈቀደው 5 ደቂቃ ነው ተብያለሁ። የጨረታ መዝገቡን ቅጂ ለእያንዳንዱ የምክር ቤት አባል አባዝቼ አመጣለሁ። እርስዎ ደግሞ ከመሬት ሽያጩ ውል ውስጥ ገዢ የሚመረጥበትን አንቀጽ ይዘው ይምጡ። አንቀጹ ከሌለ እንደሌለ በጽሑፍ ያሳውቁኝ፤ 6 ሳምንቱ ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል።

ከሰላምታ ጋር፣

ስሟና አድራሻዋ በመዝገብ ቤትዎ የሚገኝ ነዋሪ